ከርነል ውስጥ የተጻፈች አንዲት መስመር፦ ከባስ ጦርነት እስከ አረንጓዴዋ ላፕቶፕ

ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጥገና ቤት መደርደሪያ ላይ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላት ላፕቶፕ ተቀምጣ ነበር። ለልጅ እጅ የተሠራች ናት። እጀታ አላት፣ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቀጥ ብለው የሚነሱ ሁለት አንቴናዎችም አሏት። አንድ ደንበኛ ለጥገና ብሎ አምጥቷት በዚያው ቀረ። «እስቲ ይቺን አስነሳልኝና ለልጄ ልስጣት» አለኝ የቤቱ ባለቤት።

ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። ማሽኗ የምትሠራው በሊኑክስ ነው፣ የደህንነት ቁልፏም ቀድሞ ተፈትቷል። ለእሷ የሚሆን አዲስ ከርነል አዘጋጅቼ ጫንኩባት። አልነሳችም። ስክሪኗ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች እንዳሉ ደርቀው ቀሩ፣ በዩኤስቢ የሰካሁት ኪቦርድም ዝም አለ። ባለቤቱ አየት አደረገኝና «ዩኒቨርሲቲ የምትማሩት ይሄን አይደለም እንዴ?» አለ። ምን ልበለው?

ጥፋቱ የኔ ነበር። ከርነሉን ሳዋቅር ስለ ባስ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች አንዱን በተሳሳተ መንገድ መልሼዋለሁ። የሚያናድደው ደግሞ ትክክለኛው መልስ እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ፣ የዚችኑ ላፕቶፕ ስም ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር። ሚሊዮኖች በሚጠቀሙበት ከርነል ውስጥ የአንዲት የልጆች ላፕቶፕ ስም እንዴት ሊጻፍ ቻለ? መልሱን ስፈልግ አርባ ዓመት ወደኋላ ተመለስኩ። እናንተንም ይዣችሁ ልመለስ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባስ ምንድን ነው?

ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ምንም አይሠራም። ከስክሪን፣ ከዲስክ፣ ከድምፅ ካርድ፣ ከኔትወርክ ጋር መነጋገር አለበት። ለእያንዳንዱ ለብቻው ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ ሁሉም የሚጋሩት አንድ የጋራ መስመር ይዘረጋል። ባስ የምንለው ይህንን ነው። ቃሉ ከምንሳፈርበት አውቶቡስ ጋር ዘመድ ነው፤ የሁለቱም ሥር «ለሁሉም» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል «ኦምኒቡስ» ነው።

የጋራ መስመር ከሆነ ግን ጥያቄ ይመጣል። መስመሩ ላይ ማን ማን አለ? እያንዳንዱ የት ነው የተቀመጠው? መናገር ሲፈልግስ እጁን እንዴት ያወጣል? የክፍለ ከተማውን ስም ልዋስና አንድ አዳራሽ አስቡ። ወንበሮች ተደርድረዋል፣ እንግዶች ገብተዋል፣ መድረክ መሪው ደግሞ ከርነሉ ነው። የባስ ታሪክ ማለት መድረክ መሪው እንግዶቹን በምን መንገድ ይለያቸዋል የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

የስም ዝርዝር ያልነበረው አዳራሽ

አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ በነሐሴ 1981 ለገበያ አወጣ። ማዘርቦርዱ ላይ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው አምስት ስሎቶች ነበሩት። ኩባንያው የማሽኑን ቴክኒካዊ ንድፍ በመጽሐፍ አሳትሞ ስለሸጠ፣ ማንኛውም አምራች ለስሎቶቹ የሚሆን ካርድ መሥራት ቻለ። ባሱ በአንድ ጊዜ 8 ቢት ያስተላልፍ ነበር፤ በ1984 ፒሲ ኤቲ የተባለው ማሽን ሲመጣ ወደ 16 ቢት አደገ። ኋላ ላይ «አይሳ» ተብሎ የተጠራው ይኸው ባስ ነው።

የአይሳ ችግር የስም ዝርዝር አለመኖሩ ነው። መድረክ መሪው አዳራሹ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅበት መደበኛ መንገድ የለውም። ካርዱን የሚሰካው ሰው ራሱ ጃምፐር የምትባለዋን ትንሽ ፕላስቲክ እየነቀለና እየሰካ «አንተ አድራሻህ ይህ ነው፣ ስትፈልገኝ የምትደውልልኝ በዚህ መስመር ነው» ብሎ መወሰን ነበረበት። ሁለት ካርዶች አንድ መስመር ላይ ከተጋጩ አንዱ ወይም ሁለቱም ሥራ ያቆማሉ። የድምፅ ካርድና ፕሪንተር በአንድ የጥሪ መስመር ተጣልተው አንዱ ሲሠራ ሌላው የሚደነዝዝበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የጠገነ ሰው ካጋጠማችሁ ጠይቁት፤ የጃምፐር ታሪክ አያጣም።

የባስ ጦርነት

በ1987 አይቢኤም ፒኤስ/2 የተባሉ ኮምፒውተሮችን ማይክሮ ቻናል ከተሰኘ አዲስ ባስ ጋር አመጣ። ከቴክኒክ አንጻር ካየነው ትልቅ እርምጃ ነበር። 32 ቢት ማስተላለፍ ይችላል፤ እያንዳንዱ ካርድ መለያ ቁጥር አለው፤ ጃምፐር ቀርቶ ቅንብሩ ከፍሎፒ ዲስክ ይጫናል። በኛ ምሳሌ፣ እንግዶቹ ደረታቸው ላይ ባጅ ለጠፉ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለት ጉዳዮች ሰዎችን አስቆጡ። አንደኛ፣ የድሮው ካርድ አዲሱ ስሎት ውስጥ አይገባም። ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ ማሽን መሥራት የፈለገ ሁሉ ለአይቢኤም የፈቃድ ክፍያ ይጠየቃል። በፒሲው ክፍት ንድፍ ያደጉት ተወዳዳሪዎች ይህን አልዋጥ አሉ። በ1988 ኮምፓክ፣ ኤችፒ፣ ኤፕሰን፣ ኔክ፣ ኦሊቬቲን ጨምሮ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተባብረው የራሳቸውን 32 ቢት ባስ ይፋ አደረጉ። ስሙ «ኢአይሳ» ሲሆን፣ የአይሳ ካርድ ለያዘ ሰውም ቦታ ነበረው። ጋዜጠኞች ኩባንያዎቹን «የዘጠኙ ቡድን» አሏቸው። የድሮው ባስ አይሳ የሚለውን ስም ያገኘውም ያን ጊዜ ነው፤ «ኤቲ» የሚለው የአይቢኤም ንብረት ስለነበር ተወዳዳሪዎቹ ሌላ መጠሪያ ያስፈልጋቸው ነበር።

ሁለቱ ሲጣሉ ሦስተኛው መጣ። ኢንቴል በ1992 ፒሲአይን አስተዋወቀ። በ32 ቢትና በ33 ሜጋኸርዝ በሰከንድ እስከ 133 ሜጋባይት ያስተላልፋል። ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። በፒሲአይ እያንዳንዱ መሣሪያ 256 ባይት የምታህል የመታወቂያ ሰሌዳ ይዞ እንዲመጣ ግዴታ ሆነ። ሰሌዳው ላይ አምራቹ ማን እንደሆነ፣ መሣሪያው ምን እንደሆነና ስንት የሜሞሪ ቦታ እንደሚፈልግ ተጽፏል። ከርነሉ ወንበር በወንበር እየዞረ «እዚህ ማን አለ?» ይላል። ሰው ካለ ስሙን ይናገራል። ከሌለ ደግሞ ቢቶቹ ሁሉ አንድ ሆነው ይመለሳሉ፣ ማለትም ወንበሩ ባዶ ነው።

ይህ አሠራር በጣም ከመጽናቱ የተነሳ በ2003 የመጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ቢቀይረውም አጠያየቁን ግን እንዳለ ወረሰው። ዛሬ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለው ዋይፋይ ካርድ ሳይቀር ለዚሁ ለ1992ቱ ጥያቄ ነው የሚመልሰው።

ከርነሉ የሚጠይቃችሁ

ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ሆኖ ሊኑክስን መጻፍ የጀመረው በ1991፣ በገዛው አንድ 386 ፒሲ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሥራውን ሲያስተዋውቅ፣ ፕሮግራሙ ከኤቲ ሃርድ ዲስክ ውጪ ሌላ ነገር ምናልባት መቼም እንደማይደግፍ ተናግሮ ነበር፤ ያለው እሱ ብቻ ነበርና። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን። ከርነል የሚደግፈው ጻፊው እጅ ላይ ያለውን ማሽን ነው።

ከዚያ የሌሎች ሰዎች እጅ ተጨመረ። አንዱ ማይክሮ ቻናል ነበረው፣ ሌላው ኢአይሳ፣ ሌላው ፒሲአይ። ሁሉንም በአንድ ከርነል ማጨቅ በዚያን ጊዜ ሜሞሪ አይቻልም ነበር። መፍትሔው ከርነሉን ከመገንባት በፊት ጥያቄ መጠየቅ ሆነ፦ አይሳ አለህ? ፒሲአይስ? መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፦ «አዎ»፣ «አይ»፣ ወይም «ሞጁል አድርገው»፤ ሞጁል ማለት ሲያስፈልግ ብቻ የሚጫን ቁራጭ ነው። ጥያቄዎቹ በ2002 ኬኮንፊግ በተባለ ወጥ ቋንቋ እንደገና ተጻፉ። ዛሬም «ሜክ ሜኑኮንፊግ» የሚለውን ትዕዛዝ ስትጽፉ የሚመጣላችሁ ሰማያዊ ዝርዝር የሚነበበው ከዚያ ነው።

የባስ አማራጮች የሚለውን ክፍል ስትከፍቱ እንግዲህ የታሪክ መዝገብ ነው የከፈታችሁት። አይሳ የሚለው መስመር የ1981 ቅሪት ነው፤ ኢአይሳ የዘጠኙ ኩባንያዎች አመፅ። ባለ 32 ቢት ከርነል ስታዋቅሩ ደግሞ እኔን ያሳሳተኝ ጥያቄ ይመጣል፦ ፒሲአይን በምን መንገድ ልድረስበት? አማራጮቹ እነዚህ ናቸው።

ባዮስ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ፈርምዌር ጠይቆ ማግኘት። ጉዳቱ አንዳንድ የቆዩ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ስህተት ስላለበት ማሽኑ ሊደርቅ ይችላል፣ አንዳንድ አነስተኛ ማሽኖች ደግሞ ባዮስ የሚባል ነገር ጭራሹኑ የላቸውም።

ኤምኤምኮንፊግ፦ የመታወቂያ ሰሌዳዎቹን እንደ ተራ ሜሞሪ ማንበብ። ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር የመጣ ነው።

ዳይሬክት፦ ባዮስን አልፎ በቀጥታ ሃርድዌሩን መጠየቅ።

ኦኤልፒሲ፦ አዎ፣ አረንጓዴዋ ላፕቶፕ።

ኤኒ፦ ሁሉንም በየተራ ሞክር።

እኔ «ቀጥታ ይሻላል» ብዬ ዳይሬክትን መረጥኩ። ለአብዛኛው ፒሲ ይሠራል። ለዚች ግን አይሠራም።

መታወቂያ የሌላቸው እንግዶች

ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ባለ 100 ዶላር የልጆች ላፕቶፕ ሐሳቡን ያስተዋወቀው በጥር 2005 ዳቮስ ላይ ነበር። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት የሠራት ኤክስኦ-1 በብዛት መመረት የጀመረችው በኅዳር 2007 ሲሆን ዋጋዋ ወደ 200 ዶላር ተጠግቶ ነበር። 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ 1 ጊጋባይት ማከማቻ ነበራት።

በ2008፣ በኛው የሚሊኒየም ዓመት በ2000 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና ጀርመን በጋራ በሚያካሂዱት የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ኤክስኦዎች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታደሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ያለበት የኪቦርድ አቀማመጥም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ፕሮጀክቱ ብዙ ተብሎለታል፣ ብዙም ተተችቷል። መምህራን በቂ ሥልጠና ሳያገኙ ላፕቶፕ ልጆቹ እጅ ገባ፤ ትምህርት ላይ ትኩረት ይሰርቃል ብለው ክፍል ውስጥ እንዳትከፈት የከለከሉም ነበሩ። ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እኔን የሳበኝ ክዳኗ ሥር ያለው ጉዳይ ነው።

የኤክስኦ ፕሮሰሰር ጂኦድ ይባላል። ዘሩ ሳይሪክስ የተባለ ኩባንያ በ1997 ካወጣው ሚዲያጂኤክስ ይመዘዛል፤ ከሳይሪክስ ወደ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር፣ ከዚያ በ2003 ወደ ኤኤምዲ ተሻገረ። የዚህ ዘር መለያው ቁጠባ ነው። ሌላው በብዙ ቺፕ የሚሠራውን በጥቂት ቺፕ ይጨርሳል። ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ዩኤስቢውን የሚያንቀሳቅሱት ክፍሎች አሉ፤ ነገር ግን ፒሲአይ የሚጠይቀው የመታወቂያ ሰሌዳ በሃርድዌር ደረጃ አልተሠራላቸውም። ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ግን መታወቂያ የላቸውም።

ታዲያ ከርነሉ «ማን አለ?» ሲል ማን ይመልስ? ሳይሪክሶች የዘየዱት ብልሃት ነበር። ከርነሉ ጥያቄውን ሲያቀርብ ፕሮሰሰሩ ከርነሉን ለአፍታ ያስቆመዋል። ከዚያ ከርነሉ ወደማያየው ድብቅ የአሠራር ሁኔታ ይገባል፤ እዚያ ያለ ሶፍትዌር በእንግዶቹ ስም መልሱን ያዘጋጅና ከርነሉን ይለቀዋል። ከርነሉ እንግዳው ራሱ የመለሰ ይመስለዋል። አዳራሹ መጋረጃ ጀርባ ሰው ተደብቆ «አቤት!» ይላል እንደማለት ነው።

የኤክስኦ መሐንዲሶች መጋረጃ ጀርባ ያለውን ሰው አሰናበቱት። ማሽኗ እንደ ተራ ፒሲ ባዮስ ሳይሆን ኦፕን ፈርምዌር የተባለውን ነው የተጠቀመችው፤ ኤሌክትሪክ በሌለበት እንድትውል ስለታሰበም በየመሐሉ ተኝታ በፍጥነት መንቃት ነበረባት። የሚያደርገው የማይታይ ተጨማሪ ሶፍትዌር ለእንደዚች ዓይነት ማሽን ሸክም ነው። ግን እሱ ከሄደ ለከርነሉ ጥያቄ የሚመልስ የለም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ለራሱ ለመድረክ መሪው ሰጡት። ሊኑክስ ውስጥ ለኤክስኦ የተጻፈ አንድ አጭር ፋይል አለ። ውስጡ በአብዛኛው የቁጥር ሠንጠረዥ ነው፦ የስክሪኑ መታወቂያ ይህ ነው፣ የድምፁ ይህ፣ የዩኤስቢው ይህ። የተቀረው ከርነል ፒሲአይን ሲጠይቅ ጥያቄው ሃርድዌሩ ጋ ሳይደርስ ይህ ፋይል ከሠንጠረዡ አንብቦ ይመልሳል። «ስንት ቦታ ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ እንኳ አልተረሳም። በፒሲአይ ደንብ ይህ የሚጠየቀው መመዝገቢያው ላይ ቢቶቹን ሁሉ አንድ አድርጎ በመጻፍ ነው፤ ፋይሉ ያንን ጽሑፍ ሲያይ ጥያቄ መሆኑን ተረድቶ፣ ቀጥሎ በሚመጣው ንባብ ላይ መጠኑን ይናገራል።

ድጋፉ ወደ ዋናው የሊኑክስ ከርነል የገባው በ2008 ነው። የኛ ልጆች ላፕቶፑን በተቀበሉበት በዚያው ዓመት ማለት ነው።

አሁን የኔ ስህተት ግልጽ ይሆንላችኋል። ዳይሬክትን ስመርጥ ያ ፋይል ከግንባታው ውጪ ሆነ። ከርነሉ ሃርድዌሩን በቀጥታ ጠየቀ፣ መልስ አጣ፣ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው ብሎ ደመደመ። ስክሪን የለም፣ ዩኤስቢ የለም። ዋይፋይዋም ውስጥ ለውስጥ የተያያዘችው በዩኤስቢ ስለሆነ እሷም አብራ ሄደች። ምርጫውን ወደ ኤኒ መልሼ፣ የኤክስኦን ድጋፍ «አዎ» ብዬ እንደገና ገነባሁት። ተነሳች። ባለቤቱ ስክሪኗ ሲበራ አይቶ «ምን ጎድሎባት ነበር?» አለኝ። «ምንም፣ ስሟን ነው ያልጠራኋት» አልኩት።

መስመር የምትሰረዝበት ቀን

አሁን ወደ ማይክሮ ቻናል ልመልሳችሁ። ዛሬ የከርነሉን የባስ ዝርዝር ብትፈትሹ አታገኙትም። በ2012 በወጣው 3.5 ተብሎ በሚታወቀው እትም ላይ ሙሉ ድጋፉ ተነቀለ። በቴክኒክ ከአይሳ የተሻለ ነበር፤ የወደቀው ግን የሚጠቀምበትና የሚፈትነው ሰው ስለጠፋ ነው። ማንም ያልሞከረው ኮድ ይሠራ አይሠራ አይታወቅም፣ ለቀሪው ግን ሸክም ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊነስ ሥራውን የጀመረበት የ386 ፕሮሰሰር ድጋፍም ተሰናበተ። የራሱ የመሥራቹ ማሽን እንኳ አልተማረም።

ተቃራኒውም አለ። አይሳ በ64 ቢት ፒሲዎች ላይ ከምርጫው ወጥቶ ነበር። ነገር ግን በኢንዱስትሪና በቤተ ሙከራ ማሽኖች ውስጥ የአይሳ ዘመድ የሆኑ ካርዶች አሁንም ይሠራሉ። እነዚያን የሚጠቀም ሰው ኮዱን ጽፎ ስለጠየቀ፣ በ2016 ለ64 ቢትም የአይሳ ባስ አማራጭ ተጨመረ። የ35 ዓመት አዛውንት ባስ ወደ ዝርዝሩ የተመለሰው ባለጉዳይ ስለተገኘለት ነው።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። አገራችን ውስጥ ብዙ ማሽን በእርዳታ ወይም ሁለተኛ እጅ ሆኖ ይገባል፤ ሌላ ቦታ ዕድሜውን ጨርሶ እኛ ጋ ሁለተኛ ሕይወቱን ይጀምራል። ካርዱ አይሳ ስሎት ብቻ ስለሚያውቅ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር ተቆራኝቶ የቀረ የቤተ ሙከራ መሣሪያ አይቻለሁ። ኮምፒውተሩ ሲሞት ደህናው መሣሪያ አብሮ ይቀበራል። እንዲህ ያለ ማሽን የሚቀጥለው ከርነል ውስጥ ስሙ ይኑር አይኑር የሚወስኑት ሩቅ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚወስኑት ግን በክፋት አይደለም። «ይህን የሚጠቀም ሰው አለ?» ብለው በግልጽ ይጠይቃሉ። እጅ የሚያወጣ ካጡ ይሰርዛሉ። እኛ ደግሞ መሣሪያው እያለን እጃችንን አናወጣም።

እጅ ማውጣት ከባድ አይደለም። ሊኑክስ ባለበት ማሽን ላይ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለውን ትዕዛዝ ጽፉ፤ ባሱ ላይ ያሉት እንግዶች ሁሉ ስማቸውን ይናገራሉ። የሚሠራውን የከርነል ቅንብር ፋይል ከማሽኑ ጋር አስቀምጡ፤ አሥር ዓመት ቆይቶ የሚጠግነው ሰው ያመሰግናችኋል። አዲስ እትም አሮጌውን መሣሪያ ካበላሸው ለአዘጋጆቹ ሪፖርት ላኩ። ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ያንን የኤክስኦ ፋይል ክፈቱና አንብቡት። ስለ ፒሲአይ ከአንድ ሴሚስተር የበለጠ ያስተምራል።

አረንጓዴዋ ላፕቶፕ አሁን በባለቤቱ ልጅ እጅ ናት። ባትሪዋ ስለደከመ ከሶኬት ስትነቀል ብዙ አትቆይም። ልጅቷ ግን ፊደል ትጽፍባታለች፣ ሥዕል ትሥልባታለች። ባለፈው ሳምንት ስሄድ አንቴናዎቹን ቀጥ አድርጋ «ይሄ ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ከባስ ነው የጀመርኩላት፤ አባቷ ሳቀብኝ።